አንድ ደቂቃ በሁለት ጥምዝ ዘንጎች መካከል፤ የሕፃናት ምግብ በማብሰያ ማሽን ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ለምን ያሳስባል?

ከጎተራ ማሳለጫ ወደ ሳሪስ በሚወስደው መንገድ፣ በመካኒሳም ሆነ በጀሞ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ባሉ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ከእህልና ከጥራጥሬ የተዘጋጁ የሕፃናት ምግቦች ይታያሉ። ልጇ ስድስት ወር የሞላት እናት ከጡት ወተት በተጨማሪ የምትመግባትን ስትመርጥ ማሸጊያውን አገላብጣ ታያለች። በቆሎ፣ ስንዴ ወይም ጤፍ፣ አኩሪ አተር፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተብሎ ተጽፏል። የተመረተበትና የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበት ቀንም ሰፍሯል። በማሸጊያው ላይ የማይጻፍ፣ ነገር ግን ምግቡ ልጅን የሚገነባ ወይም ሆድን ብቻ የሚሞላ መሆኑን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የሆነ ሌላ ጊዜ አለ። ይህም ዱቄቱ በማብሰያ ማሽኑ ውስጥ የቆየበት ጊዜ ነው።

ይህ ጊዜ በሰዓት አይቆጠርም። ኤክስትሩደር በተባለው ማሽን ለሚዘጋጅ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ እስከ ሁለት ደቂቃ ባለው ውስጥ ያልቃል። በዚህች አጭር ጊዜ ጥሬው ዱቄት መብሰል፣ በውስጡ ያለው ጎጂ ነገር መጥፋት፣ ጠቃሚው ደግሞ ሳይቃጠል መትረፍ አለበት።

የአኩሪ አተር ሁለት ጠባይ

ጉዳዩ ከአኩሪ አተር ይጀምራል። ይህ ሰብል በመተከል ዞን በፓዌና በአካባቢው፣ በአማራ ክልል በጃዊና በመተማ ቆላማ አካባቢዎች፣ እንዲሁም በምዕራብ ኢትዮጵያ ይመረታል። የፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከልም በዚሁ ሰብል ላይ ይሠራል። ከደረቅ አኩሪ አተር ክብደት ከሦስተኛው እጅ በላይ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። ከፕሮቲን መሥሪያዎቹ መካከል ላይሲን የተባለው በበቆሎና በስንዴ ውስጥ አነስተኛ ሲሆን በአኩሪ አተር ውስጥ ግን በብዛት ይገኛል። እህልና ጥራጥሬ ተቀላቅለው ለሕፃናት እንዲቀርቡ የሚመከረው አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሞላ ነው።

ይሁንና ጥሬ አኩሪ አተር ችግር አለበት። ከቆሽት የሚመነጨውና ፕሮቲንን የሚፈጨው ትሪፕሲን የተባለ ኢንዛይም ሥራውን እንዳይሠራ የሚያግድ ንጥረ ነገር በፍሬው ውስጥ ይገኛል። ይህ አጋጅ ሳይጠፋ የቀረበ ምግብ በፕሮቲን የበለጸገ ቢሆንም የሕፃኑ አንጀት በሚገባ ሊፈጨው አይችልም። ልጁ በልቶ እንዳልበላ ይሆናል። መፍትሔው ሙቀት ነው፤ አጋጁ በእርጥብ ሙቀት በቂ ጊዜ ከቆየ ይጠፋል።

ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ሌላ ጉዳት ይመጣል። ላይሲን ከስኳር ጋር ተያይዞ ሰውነት ሊጠቀምበት ወደማይችል ነገር ይለወጣል። የዳቦን ቅርፊት ቡናማ የሚያደርገውና መልካም ሽታ የሚሰጠው ይኸው ለውጥ ነው። በዳቦ ላይ የሚወደደው ይህ ለውጥ በሕፃን ምግብ ሲበዛ የተፈለገውን ፕሮቲን ይቀንሳል። ሙቀት የማይችሉ ቫይታሚኖችም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ የምግብ ባለሙያው ጥያቄ «በሰለ ወይ?» በሚለው ብቻ አይቆምም፤ «ከመጠን በላይስ አልቆየም ወይ?» የሚለው ይከተላል።

ከምጣዱ ላይ የሚገኝ ትምህርት

ቆሎ የቆላ ሰው ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል። ገብሱ በጋለ ምጣድ ላይ ተደርጎ ካልተማሰለ ከሥር ያለው ያርራል፣ ከላይ ያለው ጥሬ ይቀራል። ሁሉም ፍሬ በአንድ ምጣድ ላይ፣ ለእኩል ደቂቃ ተቀምጧል። ነገር ግን እያንዳንዱ ፍሬ ከትኩሱ ብረት ጋር የተገናኘበት ጊዜ የተለያየ ነው። «አሥር ደቂቃ ቆላሁት» ማለት ሁሉም እኩል ተቆላ ማለት አይደለም። ባለሙያዋ እጇን ሳታሳርፍ የምታማስለው ለእያንዳንዱ ፍሬ ተመሳሳይ ዕድል ለመስጠት ነው።

በድስት መቀቀልም የራሱ ወሰን አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በባሕር ዳር ከፍታ ደግሞ 94 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እሳቱ የቱንም ያህል ቢነድ ክዳኑ ባልታመቀ ድስት ውስጥ ያለው ውኃ ከዚህ በላይ አይሞቅም፤ የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። ባቄላና አተር በደጋ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚፈጁት በዚህ ምክንያት ነው።

ማሽኑ እንዴት ይሠራል?

ኤክስትሩደር ሁለቱንም ችግሮች በአንድ ላይ ለመፍታት ይሞክራል። አሠራሩን ለመረዳት የሥጋ መፍጫን ማስታወስ ይጠቅማል። በብረት ሲሊንደር ውስጥ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ዘንግ ሲዞር ከላይ የገባውን ወደፊት እየገፋ በቀዳዳ ያስወጣዋል። በምግብ ኤክስትሩደር ሲሊንደሩ ይሞቃል፤ ዱቄቱም ጥቂት ውኃ ይጨመርበታል። ዘንጉ ሲገፋ፣ ሲያሽና ሲያፍተለትል ዱቄቱ ወደ ሊጥነት ይለወጣል። መውጫው ጠባብ ስለሆነ በውስጥ ከፍተኛ ግፊት ይፈጠራል። በዚህ ግፊት የተነሣ ውኃው ሳይተን የሊጡ ሙቀት እስከ 120፣ 140፣ አንዳንዴም 160 ዲግሪ ይደርሳል። ድስቱ በብዙ ደቂቃ የሚሠራውን ማሽኑ በሴኮንዶች የሚጨርሰው ለዚህ ነው።

ሊጡ ከጠባቡ ቀዳዳ ሲወጣ ግፊቱ በድንገት ይለቀቃል፤ በውስጡ የታመቀው ውኃም ወዲያውኑ እንፋሎት ሆኖ ሊጡን ይነፋዋል። ሕፃናት የሚወዱት በላስቲክ የታሸገው የበቆሎ መክሰስ አየር የተሞላ ሆኖ የሚሰባበረው በዚህ መንገድ ስለተሠራ ነው። ለአጥሚት የሚውለው ደግሞ ከወጣ በኋላ ይደርቅና መልሶ ይፈጫል። የወተት ዱቄትና የቫይታሚን ቅመም ብዙውን ጊዜ ከዚህ በኋላ የሚቀላቀሉት ከሙቀቱ እንዲተርፉ ነው።

ባለ አንድ ዘንግ ማሽን በዋጋ ዝቅ ያለ ነው። በእርሱ ውስጥ ሊጡ ወደፊት የሚሄደው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ባለው ፍትጊያ ስለሆነ፣ ዱቄቱ ቅባት ወይም ውኃ ሲበዛበት ሊንሸራተትና ሊቆም ይችላል። ባለ ሁለት ዘንጉ ግን ጎን ለጎን ሆነው ጥርሳቸው እርስ በርስ የገባ ሁለት ዘንጎች አሉት። አንዱ ዘንግ በሌላው ላይ የተጣበቀውን እየጠረገ ወደፊት ይልካል። ቅባት የበዛበት አኩሪ አተርም ሆነ ጤፍ የተቀላቀለበት ዱቄት በአንድ ቦታ ተለጥፎ እንዳያርር የሚረዳው ይህ ጠረጋ ነው። ሁለቱ ዘንጎች ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዞሩበት ንድፍ በ1930ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በጣሊያን፣ ቀጥሎም በጀርመን ለፕላስቲክና ለኬሚካል ሥራ ጎለበተ። ወደ ምግብ ኢንዱስትሪ በስፋት የገባው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

አማካዩ ብቻ አይበቃም

ዱቄቱ በማሽኑ ውስጥ የሚቆይበትን አማካይ ጊዜ ለማወቅ ስሌቱ ቀላል ነው። በማሽኑ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው የሊጥ መጠን በየደቂቃው ለሚወጣው መጠን ይካፈላል። ለምሳሌ አንድ ማሽን በውስጡ 4 ኪሎ ግራም ሊጥ ቢይዝና በሰዓት 240 ኪሎ ግራም ቢያመርት፣ በየደቂቃው 4 ኪሎ ይወጣል፤ አማካይ ቆይታውም አንድ ደቂቃ ይሆናል።

እንደ ቆሎው ሁሉ ግን አማካዩ እውነቱን በሙሉ አይናገርም። በዘንጎቹ መሐል የሚያልፈው ሊጥ ፈጥኖ ይሄዳል፤ በግድግዳው ጥግና ወደ ኋላ በሚመለስበት ክፍተት ያለው ይዘገያል። አማካይ ቆይታው አንድ ደቂቃ በሆነው ማሽን ውስጥ አንዱ ቅንጣት በ35 ሴኮንድ ሊወጣ፣ ሌላው ሁለት ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ባለሙያዎች ይህን ልዩነት የቆይታ ጊዜ ሥርጭት ይሉታል። ለሕፃኑ ምግብ ወሳኝ የሚሆኑት ሁለቱ ጫፎች ናቸው። ፈጥኖ የወጣው በቂ ሙቀት ስላላገኘ የትሪፕሲን አጋጁን ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ዘግይቶ የወጣው ደግሞ ላይሲኑን አጥቶ ይወጣል። ሁለቱ በአንድ ከረጢት ሲቀላቀሉ አማካዩ መልካም ይመስላል። ሥርጭቱ እጅግ ሰፊ ከሆነ ግን አንዱን ለማብሰል ሲባል ሌላው እንዲያርር ይደረጋል።

ለዚህም ነው የፋብሪካ ባለሙያዎች ቆይታውን በስሌት ብቻ የማይተዉት። ከሚታወቁት የመለኪያ መንገዶች አንዱ ለማንም ግልጽ ነው። ማሽኑ በተረጋጋ ሁኔታ እየሠራ ሳለ ጥቂት የምግብ ቀለም በመግቢያው በኩል በአንድ ጊዜ ይጨመራል፤ ሰዓት መቁጠርም ይጀመራል። በመውጫው በኩል በየአምስት ወይም በየአሥር ሴኮንዱ ናሙና ይወሰዳል። የመጀመሪያው ቀለም የታየበት፣ የደመቀበትና ፈጽሞ የጠፋበት ጊዜ ተመዝግቦ በሥዕል ሲቀመጥ፣ በአንድ በኩል ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ በሌላው በኩል እንደ ጅራት እየቀጠነ የሚወርድ ኮረብታ ይመስላል። ጅራቱ ረጅም ከሆነ በማሽኑ ውስጥ የሚዘገይና የሚያርር ነገር አለ ማለት ነው።

ቆይታውን የሚያሳጥረውና የሚያስረዝመው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት የዘንጎቹ ፍጥነት ነው። በደቂቃ የሚዞሩበት ብዛት ሲጨምር ሊጡ ቶሎ ይወጣል። ይሁንና ፍጥነቱ ፍትጊያንም ስለሚጨምር ሊጡ በአጭር ጊዜ ይበልጥ ሊሞቅ ይችላል። ሁለተኛው በየሰዓቱ የሚገባው የዱቄት መጠን ነው። ባለ ሁለት ዘንጉ ማሽን ብዙውን ጊዜ እስከ አፉ ሳይሞላ ስለሚሠራ የሚገባው ሲጨምር የሚይዘው ሊጥም በመጠኑ ይጨምራል፤ ያም ሆኖ ቆይታው በጠቅላላው ያጥራል። ብዙ ለማምረት ሲባል መግቢያውን መክፈት ያልበሰለ ምግብን ሊያስከትል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የዘንጎቹ አሠራር ነው። ዘንጎቹ ከተለያዩ ቁርጥራጮች የሚገጣጠሙ ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ ወደፊት ይገፋሉ፣ አንዳንዶቹ ያሻሉ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ሊጡን ወደ ኋላ ይመልሳሉ። የሚያሹትና የሚመልሱት ሲበዙ ሊጡ ይዘገያል። አራተኛው እርጥበት ነው። ውኃ ሲበዛ ሊጡ ይቀጥናል፣ ፍትጊያውና ሙቀቱ ይቀንሳሉ፤ ሲያንስ ሊጡ ይጠጥራል፣ ሞተሩም ይጨነቃል። በመጨረሻም ዕድሜ አለ። ዘንጎቹ በአሸዋና በጠጣር ፍሬ ሲበሉ በእነርሱና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። አዲስ ሳለ በትክክል ያበስል የነበረው ማሽን ከዓመታት በኋላ በተመሳሳይ ትእዛዝ ሌላ ውጤት የሚሰጠው ስለዚህ ነው።

የምግቡን መብሰል ለማረጋገጥ ቤተ ሙከራዎች የሚጠቀሙበት አንድ ዘዴም አለ። አኩሪ አተር ውስጥ ዩሪዬዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም አለ። እርሱ በሙቀት የሚጠፋበት መጠን ከትሪፕሲን አጋጁ ጋር ይቀራረባል፤ መለካቱ ግን እጅግ ይቀላል። ዩሪዬዙ በሕይወት ካለ ምግቡ አልበሰለም ማለት ነው። ሆኖም ይህ ምርመራ ጥሬነትን እንጂ ማረርን አያሳይም። ዩሪዬዙ አንዴ ከጠፋ ምግቡ አንድ ደቂቃም ይቆይ አምስት ደቂቃ ውጤቱ ዜሮ ነው። ስለዚህ ቀለሙንና የፕሮቲኑን ጥራት በሌላ ምርመራ መመልከት ያስፈልጋል።

ከፋፋ እስከ ዛሬ

በኢትዮጵያ እህልንና ጥራጥሬን ቀላቅሎ ለሕፃናት የማዘጋጀት ሥራ የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ያዘጋጀው ምግብ ፋፋ ተባለ። ስሙ ራሱ ምኞትን ይናገራል፤ ልጁ እንዲወፍር፣ እንዲያድግ፣ እንዲፋፋ። ያ ክፍል በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ሥራውም ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚባለው ተቋም ውስጥ ተጠቃለለ። በድርቅና በችግር ጊዜ ለእናቶችና ለሕፃናት ሲታደል የኖረው ፋሚክስም ከበቆሎና ከአኩሪ አተር የሚዘጋጅ የዚሁ ቤተሰብ ምግብ ነው።

በእነዚህ ምግቦች ዝግጅት መቁላት የተለመደ መንገድ ሆኖ ቆይቷል፤ ኤክስትሩደር ደግሞ ዘግይቶ የመጣ አማራጭ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በአገሪቱ ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት የሚገኙ የምግብ ምህንድስና ተመራማሪዎች የጤፍ፣ የበቆሎና የጥራጥሬ ድብልቆችን በባለ ሁለት ዘንግ ማሽን እየሞከሩ የሙቀት፣ የእርጥበትና የዘንግ ፍጥነት ለውጥ በምግቡ ላይ የሚያስከትለውን ውጤት መርምረዋል። ጤፍ በሌላው ዓለም እምብዛም ያልተለመደ እህል ስለሆነ ከውጭ የመጣ ማሽን ለበቆሎ ከተሰጠው ትእዛዝ ጋር ብቻ ተተክሎ ሊሠራበት አይችልም። ለጤፍ ተስማሚ የሆነው ሙቀትና ቆይታ እዚሁ ተለክቶ መታወቅ አለበት።

በውኃ ቧንቧም ላይ ያው ነው

ይህ ሕግ በምግብ ብቻ አይወሰንም። ለቤት የውኃ መስመርና ለመስኖ የሚውለው የፒቪሲ ቧንቧም የሚወጣው ከተመሳሳይ ማሽን ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ ሁለቱ ዘንጎች ብዙውን ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። ፒቪሲ በሙቀት ውስጥ ከሚገባው በላይ ሲዘገይ ሃይድሮጂን ክሎራይድ የተባለ የሚያቃጥል ጋዝ ይለቃል፤ ይቢጫል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይሰባበራል። በቧንቧ ግድግዳ ላይ የሚታይ ቡናማ መሥመር ወይም ጥቁር ነጠብጣብ በማሽኑ ጥግ ላይ ተጣብቆ የቆየ ነገር ተላቅቆ ለመውጣቱ ምልክት ሊሆን ይችላል። ገዥው ቧንቧውን ከመግዛቱ በፊት ውስጡንና ውጭውን ቢመለከት አይጎዳም።

ገበሬውና ወላጁ ምን ያድርጉ?

ማሽኑ በእያንዳንዱ ሴኮንድ የሚያበስለው የገባለትን እህል ነው። የአንዱ ከረጢት በቆሎ የደረቀ፣ የሌላው እርጥብ ከሆነ ሊጡ አንዴ ይጠጥራል፣ አንዴ ይቀጥናል፤ ቆይታውም አብሮ ይዋዥቃል። ስለዚህ ንጹሕና እኩል የደረቀ እህል ለፋብሪካው ትልቅ ዋጋ አለው። በቆሎ ለማከማቸት እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ ዝቅ ማለት ይገባዋል። መለኪያ መሣሪያ የሌለው አርሶ አደር በደረቀ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ እህሉን ከደረቅ ጨው ጋር ጨምሮ ለጥቂት ደቂቃዎች በመነቅነቅ ሊፈትሽ ይችላል። ከዚያ አስቀምጦ ሲመለከተው ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ስለሆነ ተጨማሪ ፀሐይ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን ሻጋታ ነው። ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሙቀትን በእጅጉ ይቋቋማል። ኤክስትሩደር በመጠኑ ሊቀንሰው ቢችልም ሊያጠፋው አይችልም። የተበከለ እህል አንድ ደቂቃ ስለበሰለ ንጹሕ አይሆንም፤ መከላከያው በማሳውና በጎተራው ነው።

በቤቷ የሕፃን ዱቄት ለምታዘጋጅ እናት ደግሞ ጥሬ አኩሪ አተርን ከእህል ጋር አስፈጭቶ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ማንተክተክ አይበቃም። አኩሪ አተሩ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተቀይሮ፣ መፍላት ከጀመረ በኋላ ከግማሽ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ መቀቀል አለበት። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ውኃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ፍሬው በጣት መካከል ተጨፍልቆ እስኪላቆጥ ድረስ መጨመር ይገባል። ከዚያ ደርቆ፣ እየተማሰለ በቀስታ ተቆልቶ ይፈጫል። መዓዛው ጥሩ እንዲሆን ተብሎ እስኪጠቁር ድረስ መቁላት ፕሮቲኑን ይጎዳል።

የታሸገውን የምትገዛ እናት በመጀመሪያ አዘገጃጀቱን ታንብብ። «ይቀቀል» የሚል ከሆነ ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ አልበሰለም ማለት ስለሆነ የተጻፈው ደቂቃ መጠበቅ አለበት። ቀድሞ የበሰለ ከሆነም የሚበጠበጥበት ውኃ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን ይኖርበታል። የምግቡን ደኅንነት የመቆጣጠር ኃላፊነት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። አምራቹም የማሽኑን ሙቀት፣ ፍጥነትና የሚገባውን መጠን በየፈረቃው የመመዝገብ፣ ዘንጎቹ ሲያረጁ ደግሞ የቀለሙን ሙከራ ደግሞ ቆይታውን እንደገና የመለካት ግዴታውን ሊወጣ ይገባል። በመደርደሪያው ፊት የቆመችው እናት ያን አንድ ደቂቃ ልትለካው አትችልምና፣ ስለ እርሷ የሚለካላት ሌላ ሰው መኖር አለበት።